ከፎልደር እስከ ሠንጠረዥ፦ የክላውድ ማከማቻና የሰነድ ማስኬጃ መስመር

ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ከጀልባ ዓሣ የሚረከብ አንድ ምግብ ቤት እናስብ። ግዢው በእጅ በተጻፈ ወረቀት ይያዛል፤ ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው በቴሌግራም ለሒሳብ ሠራተኛዋ ይደርሳል፤ እሷም ጉግል ድራይቭ ላይ ትጭነዋለች። ወር ሲያልቅ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ቁጥሩን ወደ ኤክሴል ትገለብጣለች። ፋይሉ ክላውድ ላይ ነው፤ ሥራው ግን ያው የእጅ ሥራ ነው። አዲስ ፋይል ሲገባ ራሱ የሚያውቅ፣ የሚያነብና መረጃውን ለቅሞ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚያስገባ መስመር ይህን ክፍተት ለመሙላት ይዘረጋል። (ከአዋጅ ቁጥርና ከጳጉሜኑ ምሳሌ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ማከማቻው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የአማዞን ኤስ ስሪ በ2006፣ ድሮፕቦክስ በ2008፣ ጉግል ድራይቭ በ2012 ለተጠቃሚ ቀረቡ። ጠባያቸው ግን ይለያያል። ድራይቭ ላይ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የሚለያቸው መለያ ቁጥራቸው ብቻ ነው። ኤስ ስሪ ላይ በአንጻሩ ስሙ ራሱ አድራሻ ነው፤ ፎልደር መስሎ የሚታየውም የስሙ ክፍል ነው። ጉግል ዶክስ ላይ የተጻፈ ሰነድ ደግሞ እንዳለ አይወርድም፤ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ወርድ ተለውጦ መውጣት አለበት፤ በፕሮግራም ሲወጣም ከ10 ሜጋባይት መብለጥ አይችልም።

ማገናኘት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መቅዳትን ነው። ከባዱ ግን ምን እንደተለወጠ ማወቅ ነው። አንደኛው መንገድ በየተወሰነ ደቂቃው እየሄዱ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ማከማቻው ራሱ ጥሪ እንዲልክ ማድረግ ነው። ጥሪው ፈጣን ቢሆንም አይታመንም። የድራይቭ ጥሪ ጊዜው የሚያልፍበት ነው፤ የለውጦች ጥሪ ቢበዛ አንድ ሳምንት ቆይቶ መታደስ አለበት። የኤስ ስሪ ጥሪ ደግሞ ለአንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔውን የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ከጥንት ያውቁታል፦ ደብዳቤ ሲገባ ገቢ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ደብዳቤ ተመልሶ ቢመጣ መዝገቡ ያጋልጠዋል። መስመሩም የእያንዳንዱን ፋይል መለያና የመጨረሻ ለውጥ መዝግቦ ካልያዘ አንዱን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ያወራርዳል።

ፈቃዱም ችላ የሚባል አይደለም። የይለፍ ቃል ሳይሰጡ ለፕሮግራም ፈቃድ መስጠት ኦኦት (OAuth) 2.0 የተባለው አሠራር በ2012 ደረጃ ሆኖ ከወጣ ወዲህ የተለመደ ነው። ቴክኒኩ ቀላል ነው፤ ችግሩ የኛ ልማድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ፎልደር በአንድ ሠራተኛ የግል ጂሜይል ይከፈታል፤ ሰውየው ሲለቅ መስመሩም አብሮት ይቆማል። አካውንቱ በድርጅቱ ስም ይሁን፤ መስመሩም የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ በየትኛውም አገር ያለ ጣጣ ነው። የኛ ጣጣ የሚጀምረው ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ ደብዳቤ ይጻፍ የነበረው የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ኮድ ላይ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ሰነድ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለፕሮግራም ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ስለዚህ አሮጌ ፒዲኤፍ ሲገባ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ ከማመን ገጹን ወደ ምስል ለውጦ እንደገና ማንበብ ይሻላል።

ለንባቡ በነጻ የሚገኘው ቴሰራክት ነው። ኤችፒ በ1985 የጀመረው ይህ ፕሮግራም በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በ2018 በወጣው 4ኛ እትሙ ወደ ነርቭ መረብ ተሸጋገረ፤ አማርኛና ትግርኛም ያነባል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ከ337 ሺህ በላይ የአማርኛ የጽሑፍ መስመር ምስሎችን ለተመራማሪዎች አቅርቧል። አብዛኞቹ ግን በኮምፒውተር የተፈበረኩ ናቸው። በጥሩ ሁኔታ ስካን የተደረገ የታተመ ገጽ ይነበባል፤ የዓሣ ሻጭ የእጅ ጽሑፍ ግን ዛሬም ሰው ይፈልጋል። ሐዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ የደቡብ ክልል ዘመን ሰነዶች በአማርኛ ናቸው፤ የሲዳማ ክልል በ2020 ከተመሠረተ ወዲህ ያሉት የክልሉ ጽሕፈት ቤቶች የሚጠቀሙበት ሲዳምኛ ግን በላቲን ይጻፋል። በአንድ ዶሴ ሁለቱም ስለሚገኙ መስመሩ ከማንበቡ በፊት ገጹ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ መለየት አለበት።

ከተነበበ በኋላም ቀን አለ። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነ የውጭ ፕሮግራም «3/13/2015» ሲያይ ስሕተት ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ከዚያ የከፋውን፣ ማርች 13 አድርጎ ይመዘግበዋል። ፍለጋም አለ፦ ኃይሌ፣ ሃይሌና ሐይሌ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ለፍለጋ የሚያገለግል ሌላ፣ ፊደሉ የተዋሐደ ቅጂ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምስል ግን በፍጹም አይጣል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ምስሎቹን ስላቆየ ነው በኋላ ወደ ዲጂታል ሊዛወሩ የቻሉት።

ቴሌግራምን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ ደረሰኝ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃልና እንደ ፋይል ይላክ። ፋይሉን ከቴሌግራም ወደ መስመሩ የሚወስድ ፕሮግራም (ቦት) የሚያወርደው ደግሞ እስከ 20 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ፋይሉ የት ይቀመጥ የሚለው አሁን የሕግ ጥያቄም ነው። ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024 ደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕከል ከፍተዋል፤ እዚህ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የተባለ አገልግሎት ይሰጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ወደ ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታ ገደብ አኑሯል፤ መታወቂያ፣ የሕክምና ካርድ ወይም የደመወዝ ዝርዝር የሚያስኬድ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበርም አይዘነጋ። ጥሪ ብቻ የሚጠብቅ መስመር እንዲህ ባለ ጊዜ ያመለጠውን አያውቅም፤ የደረሰበትን ምልክት ይዞ ከዚያ የሚቀጥል ግን ይተርፋል።

ይህን ሥርዓት ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው በራሱ ንጹሕ ናሙና ያሳያችኋል። እናንተ ግን ከራሳችሁ መዝገብ ቤት የተጨማደደ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በአሮጌ ፎንት የተጻፈና የጳጉሜን ቀን ያለበት ወረቀት ስጡትና ፊታችሁ ያስኬደው፤ ውሉን ከዚያ በኋላ ፈርሙ።