ኳርተርባክ ከእግሩ ይጀምራል

የሰቆጣ ልጅ ኳስ ሲባል እግር ኳስን ያስባል። የአሜሪካ ፉትቦል ግን ሌላ ጨዋታ ነው፤ ኳሱ ሞላላ ነው፣ በብዛትም የሚሄደው በእጅ ነው። በየቡድኑ 11 ተጫዋች ይሰለፋል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ካልገፋ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። የጥቃቱ መሪ ኳርተርባክ ይባላል። ሲወረውር ያየው ሁሉ ክንዱን ያደንቃል፤ አሰልጣኙ ግን መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው።

በጥንታዊው አቋቋም ኳርተርባኩ ኳሱን ወደ ኋላ ከሚያቀብለው፣ ሴንተር ከሚባለው ተጫዋች ጀርባ ተጠግቶ ይቆማል። እግሮቹን በትከሻው ስፋት ከፍቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ክብደቱን ወደ እግሩ ጣቶች ያመጣል። ተረከዙ ላይ ከተደላደለ ለመነሳት ይዘገያል። አንገቱ ቀና፣ ዓይኑ ተከላካዮቹ ላይ ነው። ቀኝ እጁን ከሴንተሩ መቀመጫ ሥር አስገብቶ በእጁ ጀርባ ወደ ላይ ገፋ ያደርገዋል፤ ሴንተሩ ኳሱን የት እንደሚያደርስ የሚያውቀው በዚያ ግፊት ነው። ግራ እጁ ከሥር ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ አውራ ጣቶቹ አይለያዩም።

ሴንተሩ ኳሱን ሰጥቶ ወዲያው ወደ ፊት ይወጣል። ስለዚህ የኳርተርባኩ እጆች ኳሱ እስኪጨበጥ ድረስ አብረውት ይከተላሉ። ጀማሪ እጁን ቶሎ ይስባል፣ ኳሱም መሬት ይወድቃል። ሌላው የጀማሪ ስህተት ወደ ኋላ ለመሄድ አስቦ መጀመሪያ ወደ ፊት መርገጥ ነው፤ ያች ትንሽ እርምጃ ጊዜ ትበላለች።

ኳሱን ደረቱ ላይ ካደረገ በኋላ ቆጠራው ይጀምራል። በቀኝ እጁ የሚወረውር ተጫዋች ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ረዘም አድርጎ ይከፍታል፣ ግራውን ያሻግራል፣ በሦስተኛው ቀኙን ተክሎ ይወረውራል። ይህ ለአጭር ቅብብል ነው። ለመካከለኛው አምስት፣ ለረጅሙ ሰባት እርምጃ ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አጠር ብለው ሰውነቱን ይሰበስባሉ። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ተቀባዩ ሮጦ የሚታጠፍበት ርቀት ከኳርተርባኩ እርምጃ ጋር ተለክቷል። የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን አሰልጣኝ ቢል ዋልሽ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጠቀሙበት የማጥቃት ስልት የተገነባው በዚህ ልክ ላይ ነው።

ከሴንተሩ ሥር መቆም የገነነው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። የቺካጎ ቤርስ ቡድን ኳርተርባኩን ሲድ ላክማንን በዚህ አሰላለፍ አቁሞ የዋሽንግተንን ቡድን በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ 73 ለ 0 ረታ። ጨዋታው የተካሄደው ዋሽንግተን በነበረው ግሪፊዝ ስታዲየም ነው። ዛሬ ብዙ ቡድኖች ኳርተርባኩን ከሴንተሩ ራቅ አድርገው ያቆሙታል፤ ተከላካዮቹን በደንብ ያያልና። ቢሆንም ከሥር መነሳት ለሩጫ ጨዋታና ተከላካይን ለማታለል ስለሚመች አልቀረም።

ይህ ትምህርት ሰቆጣ ላለችበት ለዋግ ኽምራ ሩቅ አይደለም። ገና የሚጫወት ጎረምሳ ሩሯን በዱላ ከመምታቱ በፊት እግሩን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል። የሰቆጣ የስፖርት መምህር ይህን ልምምድ ለማስጀመር የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ አያስፈልገውም። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያስምር፤ ተማሪው መጀመሪያ ያለ ኳስ ሦስቱን እርምጃ ሳይንጋደድ ይሂድ፤ ቀጥሎ ከጓደኛው ኳስ ይቀበል፤ መወርወሩ ይከተላል። ግጭት የሌለበትና በየቡድኑ አምስት ሰው የሚጫወተው ፍላግ ፉትቦል በ2028 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ እንዲገባ ተወስኗል። በዚያ ጨዋታ ኳርተርባኩ ራቅ ብሎ ቢቆምም እግር ተክሎ የመወርወር መርሁ ያው ነው። ደጋ ላይ ያደጉ እግሮቻችንን ዓለም በሩጫ ያውቃቸዋል፤ ልጆቻችን ሌላም ስፖርት እንዲሞክሩ በሩን ልንከፍትላቸው ይገባል።