ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ አይሮፕላንና ስለ ጋይንት ደጋ

አይሮፕላን ከሞተሩና ከክንፉ ሌላ ሦስተኛ አካል አለው፤ እርሱም ሜዳ ነው። በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ካረፈ ጀምሮ በኢትዮጵያ የአየር መንገድ የተስፋፋው ሜዳ በተገኘበት በኩል ነው። ገደል የበዛበት አገር ግን አይሮፕላኑ በላዩ ሲያልፍ ድምፁን ይሰማል እንጂ ወደ እርሱ ሲወርድ አያይም። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከእንዲህ ያሉት አገሮች ወገን ናቸው። ስለዚህ ሳይንደረደር ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚያርፍ አይሮፕላን በምን ዓይነት ጥበብ እንደሚሠራ ማወቅ ለእነርሱ ትርፍ ዕውቀት ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው።

የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይህን አገር ቍልቍል ይመለከተዋል። ዓባይ እስቴንና ስማዳን ከጎጃም፣ በሽሎም ስማዳንና ታች ጋይንትን ከወሎ ይለያሉ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ደጋ ደጋውን ይዞ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ርቆ በሸለቆው አፋፍና በቈላው ውስጥ ለሚኖረው ሰው ግን ሐኪም ቤት የሚደረሰው በእግር፣ በበቅሎና በቃሬዛ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ደም በሚፈሳት ጊዜ ሰዓቱ የሚቈጠረው በተሸካሚዎቹ እርምጃ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ይህ ምድር ሸክምን እንዴት እንደሚፈትን ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለትን ያን መድፍ ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ፣ በጉልበቱ እየጎተተ በጋይንት በኩል አሳልፎ ገደሉን አወረደው፤ መልሶም አወጣው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በአየር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የዛሬ ሄሊኮፕተር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ፍጥነቱን አድንቆ ስለ ሸክሙ ያልጠየቀ ሰው ነገሩን በግማሽ ብቻ ተረድቶታል፤ አብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች የዚያን መድፍ እኩሌታ እንኳ በዚያ ከፍታ ሊያነሡ አይችሉምና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቀጥ ብሎ የሚነሣ ማናቸውም መኪና አየርን ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩም በአጸፋው መኪናውን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዱን ሸክም ለማንሣት ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ጥቂት ኃይል ሲበቃው፣ ጥቂት አየር በብርቱ ፍጥነት መግፋት ግን እጅግ ብዙ ኃይል ይፈጃል። የዚህ ጥበብ ባለሙያዎች ልዩ ልዩ መኪና ቢሠሩም ሁሉም ከዚህ ሕግ በታች ናቸው።

የመጀመሪያው ወገን ሄሊኮፕተር ነው። ኢጎር ሲኮርስኪ በ1932 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ ያነሣው መኪና ከላይ አንድ ትልቅ የሚሽከረከር ክንፍ፣ በጅራቱም አካሉ እንዳይዞር የሚከለክል ትንሽ ክንፍ ነበረው፤ እስከ ዛሬም አብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች ይህንኑ መልክ ይከተላሉ። ክንፉ ሰፊ ስለ ሆነ በአየር ላይ ቆሞ ለመንሳፈፍ ከሁሉ ይልቅ ኃይል ይቈጥባል፤ ወደ ፊት በመሮጥ ግን ከሌሎቹ ያንሳል። ሁለተኛው በ1961 ዓ.ም. ለእንግሊዝ አየር ኃይል የተሰጠው ሃሪየር ነው። እርሱ የሞተሩን ነፋስ በሚዞሩ ቱቦዎች ወደ ታች ስለሚተፋ እጅግ ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን በሚነሣበት ጊዜ ነዳጁን ያለ ልክ ይጨርሳል፤ ትኵስ ነፋሱም አፈሩንና ጠጠሩን ይበትናል። ሦስተኛው በመጋቢት 1981 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኦስፕሬይ ነው። ሲነሣ ክንፎቹን እንደ ሄሊኮፕተር ወደ ላይ ያቀናል፤ ከተነሣ በኋላ ወደ ፊት አዘንብሎ በሰዓት እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሆኖም የሚሽከረከሩት ክንፎቹ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸሩ ጠባብ ስለ ሆኑ ፍጥነቱን የገዛው የማንሣት ዐቅሙን ቀንሶ ነው።

የደጋው ፈተና የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን 0.9 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት በአየር ላይ ለማቆም 16 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈለጋል፤ ነዳጅ የሚያቃጥለውም ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስለሚያንሰው ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። እንግዲህ መኪናው ብዙ በሚጠየቅበት ቦታ ጥቂት ይሰጣል ማለት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ወገን አየር ስለማይተነፍስ ሞተሩ በከፍታ አይደክምም፤ ነገር ግን የባትሪው ክብደት ያስረዋል። አንድ ኪሎ ነዳጅ ከአንድ ኪሎ ባትሪ አርባ እጥፍ ያህል ጉልበት አለው፤ ሞተሩ አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክነውም ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀራል። ስለዚህ የባትሪው መኪና አንድ ከረጢት ደም ለማድረስ ይበቃል፤ እናቲቱን ተሸክሞ ሩቅ ለመሄድ ግን ገና ዐቅም ያንሰዋል።

ከፍታ ፈጽሞ የሚከለክል አይደለም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ዲዲየ ዴልሳል በሄሊኮፕተር ከኤቨረስት ራስ ላይ፣ በ8,848 ሜትር ከፍታ አርፏል፤ ይሁን እንጂ ብቻውን ነበር፤ መኪናውም እንዲቀል ተደርጎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመንም የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች በኢትዮጵያ ደጋ እህል የሚጣልበትን ቦታ እየመረመሩ፣ ምድሩን የሚያዘጋጁትን ሰዎች እያደረሱ ሠርተዋል፤ እህሉን የጣሉት ግን ትልልቆቹ የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ነበሩ። ለእያንዳንዱ መኪና የሚገባው ሥራ ተለይቶ ስለ ተሰጠው ሁለቱም ጠቀሙ።

ስለዚህ መኪና የሚመርጥ ባለሥልጣን ሻጩ በባሕር ወለል የጻፈውን ቍጥር ሳይሆን መኪናው በነፋስ መውጫ ከፍታ፣ በቀትር ሙቀት ስንት ኪሎ እንደሚያነሣ መጠየቅ አለበት። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው፣ በሌላ አገር ሰማይ የተደነቀ መኪና በጉና ሥር ባዶውን ሊነሣ ይችላልና።

ሁለተኛውም ነገር ከዚህ ያላነሰ ነው። ሄሊኮፕተር በሰዓት 30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲያገኝ ክንፉ አዲስ አየር ስለሚገናኝ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ፊት ለፊት የሚነፍስ ነፋስም ያግዘዋል፤ ከተራራ ጀርባ ቍልቍል የሚወርደው ነፋስ ግን ይደፍቀዋል። እንግዲህ ነፋስ የሚመጣበት ወገን የታወቀ፣ ድንጋዩ የተለቀመ፣ አንድ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ርዝመት ያለው መስክ ቀጥ ብሎ ለመነሣት ዐቅም ያነሰውን መኪና ተንደርድሮ ሊያስነሣው ይችላል። እንዲህ ያለውን ስፍራ ከአገሩ ሰው የተሻለ የሚያውቀው የለም። በየደብሩ ታቦት ለጥምቀት የሚወርድበት ሜዳ ብዙ ጊዜ ገላጣና ሰፊ ነውና፣ የወረዳው ሹማምንትና ካህናቱ ተመካክረው የቱ መስክ ለጭንቅ ቀን ሊሆን እንደሚችል፣ ከፍታውንና የነፋሱን ጠባይ ጨምረው ቢመዘግቡ ወጭው ጥቂት ነው።

ሜዳ አያስፈልገውም ተብሎ የተሠራው አይሮፕላን ከደጋ ሲደርስ ትንሽ ሜዳ መለመኑ አይቀርም። መኪናውን የሚሠሩት በሌላ አገር ያሉ ሊቃውንት ይሆናሉ፤ መስኩን መርጦ ማዘጋጀት ግን የአገሬው ድርሻ ነው። ይህ ድርሻ አስቀድሞ ከተፈጸመ፣ መኪናው በመጣ ቀን በቃሬዛ ላይ ያለችው እናት በተሸካሚዎቿ እርምጃ ብቻ አትታመንም።