ለቤታችን ንጽሕና፣ ለድመታችን ጠንቅ

ንጽሕና የጤና መሠረት መሆኑን ሁላችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ወለሉ የተጠረገ፣ ዕቃው የታጠበ፣ መዓዛው ያማረ ቤት ለባለቤቱ ክብር፣ ለእንግዳውም ደስታ ነው። ነገር ግን ለሰው የሚስማማ ማጽጃ ሁሉ ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ለሚኖር እንስሳ ይስማማል ማለት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልገልጸው ያሰብሁት በቤታችን የምንጠቀምባቸው ማጽጃዎችና መዓዛ ሰጪ ነገሮች ድመትን በምን ምክንያት እንደሚጎዱ፣ ንጽሕናችንም ሳይጓደል ይህ ጉዳት በምን መንገድ እንደሚቀር ነው።

«ስለ ድመት ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ጎተራው ይመልከት። በጥሊሊና በአካባቢዋ ገብሱና ስንዴው ከአውድማ ከገባ በኋላ እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ ጠባቂው ድመት ናት። ድመት የሌለችበት ቤት አይጥ ይነግሥበታል፤ አይጥ የነገሠበት ቤት ደግሞ የአይጥ መርዝ ይገዛል፤ መርዙን የበላችውን አይጥ የጎረቤት ድመት ትበላና እርሷም ትታመማለች፣ አልፎ አልፎም ትሞታለች። እንዲህ እያለ አንድ ድመት ያጣ መንደር ሌሎቹንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የእህላችንም ጉዳይ ነው።

ድመት ከሰው ይልቅ በእነዚህ ነገሮች የምትጎዳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ምክንያት ምላሷ ነው። ድመት ገላዋን የምታጥበው በምላሷ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ነቅታ ከምትቆይበት ጊዜ ውስጥ ቀላል የማይባለውን ክፍል የምታሳልፈው ጠጕሯንና መዳፏን በመላስ ነው። ስለዚህ በወለል ላይ የፈሰሰ፣ በአልጋ ልብስ ላይ የተረጨ፣ ወይም በአየር ላይ ተንሳፎ በጠጕሯ ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ መጨረሻው ከሆዷ ነው። እኛ የረገጥነው ነገር ጫማችንን ያቆሽሻል፤ ድመት ግን የረገጠችውን ትበላዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ጉበቷ ነው። የሰው ጉበት ወደ ሰውነት የገባውን ብዙ ዓይነት መርዝ ግሉኩሮኒክ ከሚባል አሲድ ጋራ አጣምሮ በውሃ የሚሟሟ ያደርገዋል፤ ከዚያም መርዙ በሽንትና በሐሞት በኩል ይወጣል። ይህን የማጣመር ሥራ የሚሠሩት ኤንዛይም የሚባሉት ናቸው። በድመት ጉበት ውስጥ ግን ከእነዚህ ኤንዛይሞች አንዱና ዋናው የለም። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ ይህን ኤንዛይም የሚያስገኘው ጂን በድመት ዘር ውስጥ ተበላሽቶ ሥራውን ያቆመ ነው። ለሰው ራስ ምታት የሚያስታግሰው ፓራሲታሞል አንዲት ፍሬ ብቻ ድመትን ሊገድል የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ከተረዳን ዘንድ በየቤታችን የሚገኙትን ነገሮች አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ በረኪናን እናንሣ። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን የነገሩ ኀይል ከክሎሪን የተገኘ ነው። ክሎሪንን በ1774 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ሼሌ የሚባለው የስዊድን ኬሚስት ነው፤ ኋላም ፈረንሳዊው ቤርቶሌ ለልብስ ማንጫ እንዲሆን አደረገው። በረኪና በተጻፈው መጠን በውሃ ቀጥኖ፣ ወለሉም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ለድመት የሚያሠጋ አይደለም። ያልቀጠነው ግን ምላስን፣ ጉሮሮንና የመዳፍን ቆዳ ያቃጥላል፤ ሽታውም ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል። ከሁሉ የሚከፋው ድመት በሸናችበት ስፍራ ላይ በረኪና ማፍሰስ ነው። በሽንት ውስጥ አሞንያ አለ፤ አሞንያና በረኪና ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል። በረኪና አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋራ ሲደባለቅ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ራሱ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከአየር የከበደ ስለሆነ ወደ ወለል ይወርዳል፤ በወለል ላይ የሚገኙት ደግሞ ድመትና የሚድኹ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ሽንቱን አስቀድሞ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ሁለት ማጽጃም አለመደባለቅ የሁላችንም ሕግ ይሁን።

ሁለተኛው የፌኖል ወገን ነው። በ1865 (እ.ኤ.አ.) በግላስጎው ከተማ ጆሴፍ ሊስተር የሚባለው ሐኪም ካርቦሊክ አሲድ የሚባለውን ፌኖል በቁስል ላይ አውሎ ብዙ ሕሙማንን ከመመርቀዝ አድኗል። ከዚያ ወዲህ የዚህ ወገን የሆኑ ጀርም ገዳዮች በዓለም ሁሉ ተሠራጭተዋል፤ በዴቶል ውስጥ የሚገኘው ክሎሮዛይሌኖልም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ለሰው ባለውለታ የሆነው ይህ ነገር የድመት ጉበት በቀላሉ ሊያስወጣው ከማይችለው ወገን ነው። ውሃ ውስጥ ሲጨመር እንደ ወተት የሚነጣ ጀርም ገዳይ ሁሉ ለድመት እንደሚያሠጋ አድርጎ መጠንቀቅ ይበጃል። የድመትን ቁስል በዴቶል ማጠብ በየመንደሩ የተለመደ ነው፤ ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ፈልቶ የበረደ ውሃ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ሦስተኛው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለው ነው፤ በብዙ የወለል ጀርም ገዳዮችና በሚረጩ ማጽጃዎች ውስጥ ይገኛል። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ወለላቸውን እንዲህ ባለ ፈሳሽ አስጠርገው ሳይደርቅ ድመታቸው ተመላለሰችበት። በማግሥቱ ለሐጯ ይዝረበረብ ጀመር፤ ወተት ቀርቦላት ታሸተውና ትመለሳለች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ገሚሱ «ትኩስ ወጥ ልሳ ነው»፣ ገሚሱ «ዓይን በልቷት ነው» አለ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው አፏን ከፍቶ ሲያሳየን ግን ምላሷ ዳር ዳሩን ቀልቶ ቆስሏል። «መዳፏን ስትልስ ያገኛት ነው» ብሎ አስረዳን። ባልቴቷም «ታዲያ እኔ ጀርሙን እንጂ እርሷን መች አልሁ!» ሲሉ አዘኑ። ድመቷ ለስላሳ ምግብ እየተሰጣት ከብዙ ቀን በኋላ ዳነች። ከዚህ የምንማረው ብዙ ጊዜ ለዓይንና ለቡዳ የምንሰጠው ሕመም ምክንያቱ ከባልዲው ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ነው።

አራተኛው መዓዛ ሰጪው ነው። የድመት አፍንጫ ከእኛ አፍንጫ እጅግ የበለጠ ስለሆነ ለእኛ ጥሩ መዓዛ የሆነው ለእርሷ ጭንቅ ነው። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚረጨው የቤት ሽቶ ሳንባዋን ያስቆጣል፤ እንደ ሰው አስም የሚይዛቸው ድመቶች አሉና በእነርሱ ላይ ይብሳል። ልብስን ከብል ለመጠበቅ በሣጥን የሚቀመጠው ናፍታሌን ቢዋጥ የደም ሕዋሶችን ያፈርሳል። ዝንብና በረሮ ለማጥፋት በምንረጨው ፍሊት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት የፐርሜትሪን ወገኖች ናቸው፤ ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ያንዘፈዝፋል። ለውሻ ቁንጫ ተብሎ የተሠራውን መድኃኒት በድመት ላይ ማፍሰስማ ብዙ ጊዜ ለሞት ያበቃል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው፣ በረሮ ባጠፋ ድመት ትቀጣለች ማለት ነው።

ምናልባት «የሚጎዳው ከፋብሪካ የመጣው ነው እንጂ የአባቶቻችን ማጽጃ ምንም አይልም» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። እናቶቻችን ነጠላ የሚያጥቡበትን እንዶድ እንመልከት። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ከተማ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በዚሁ ምርምራቸው ዝናቸው በዓለም ታወቀ፤ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ አረፋ የሚያወጣው የእንዶድ ሳፖኒን ቀንድ አውጣን የሚገድል፣ የሰውንም ዓይንና አፍንጫ የሚያስቆጣ ከሆነ፣ የእንዶድ እጣቢ በገበታ ተሞልቶ ድመት በምትደርስበት ስፍራ ሊቀመጥ አይገባም። የባሕር ዛፍ ዘይትም ለድመት መርዝ ነው። እጣንም ቢሆን ጢሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲበዛ ያፍናል። ቡና ሲፈላ እጣን ማጤስ ያማረ ባህላችን ስለሆነ ይቅር አልልም፤ ነገር ግን በሩ ገርበብ ይበል፣ ድመቷም መውጫ ይኑራት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን የምናጥበውና ዕቃውን የምናጸዳው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ተማሪዎች ስለሆንን፣ ጥንቃቄውም በእጃችን ነው። ለዘወትር እድፍ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ጀርም ገዳይ የሚያስፈልገው በሽተኛ ባለበት ወይም በሽንት ቤት ነው። ያን ጊዜ ድመቷን ማስወጣት፣ መስኮቱን መክፈት፣ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ማቅጠን፣ ከዚያ ወለሉን በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ እስኪደርቅም ድረስ በሩን ዘግቶ መጠበቅ ነው። ባልዲውን ክፍት አለመተው፣ ጠርሙሱንም ከድመትና ከሕፃን እጅ ማራቅ ያስፈልጋል። ለቤት መዓዛ ደግሞ ከተከፈተ መስኮትና ከፀሐይ የሚበልጥ የለም።

ድመት ለሐጯ ሲዝረበረብ፣ ምግብ እምቢ ስትል፣ ስትንገዳገድ ወይም ስትንቀጠቀጥ ከታየች ጉዳት ደርሶባታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ጠጕሯ ላይ የፈሰሰ ነገር ካለ እንዳትልሰው በጨርቅ ይዞ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ ማጠብ ነው። እንድታስመልስ ማስገደድ ግን አይገባም፤ ሲገባ ያቃጠለ ነገር ሲወጣም ያቃጥላልና፤ ላምባም ከሆነ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ይገድላታል። ከዚያ የማጽጃውን ጠርሙስ ጭምር ይዞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ መሄድ ነው፤ ባለሙያው መድኃኒቱን የሚመርጠው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ነውና።

ወላጆቻችን፣ መምህሮቻችንና ጓደኞቼ ሆይ! በኬሚስትሪ ክፍል የምንማረው ትምህርት ለፈተና ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከዛሬ እንጀምር። ማንበብ ለማይችሉት ወላጆቻችንም እኛ ጮኸን እናንብብላቸው። ጎተራችንን ሌሊት ሙሉ የምትጠብቅ ድመት ደመወዝ አትጠይቅም፤ የምትሻው የደረቀ ወለልና ንጹሕ አየር ብቻ ነው።