ለእማዬ ሰው ፈልጉልኝ

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ ቆሞ ሲሳሳም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ አለች። «ለእማዬ የሚሆን ሰው ታውቂያለሽ?» ጠያቂዋ ግራ ቀኝ አይታ ነው የምትናገረው፤ ላያት ሰው ብድር የምትለምን ትመስላለች። የሚገርመው፣ የምትጠየቀዋ ሴት ራሷ ሰኞ በማለዳ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቤተስዳ የሚኖሩ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ልታጥብና ቁርስ ልታበላ የምትሄድ መሆኗ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሉት አሌክሳንድሪያ፣ የሰው እናትና አባት ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ የብዙ ሐበሻ እንጀራ ነው። ለራስ እናት ሲሆን ግን ያው ሥራ ያሳፍራል።

መጦር የሚል ቃል እያለን ማፈራችን ነው እንግዲህ። ጡረታ የሚለው ራሱ የመጣው ከዚሁ ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ሰው ጡረታ ሲባል ትዝ የሚለው የወር ክፍያው ብቻ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ተብላ የተመረቀች እናት ፊት ቅጥር ሠራተኛ አቁሞ «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ናት የምታጥብሽ» ማለት ይከብዳል። እኔም ከብዶኝ ነበር። እናቴ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች በኋላ ከእህቴ ጋር ፈረቃ ተካፍለን፣ እሷ የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ስትገባ እኔ እየወጣሁ፣ ዓመት አለፈን። አንድ ጠዋት እህቴ መሪ እንደያዘች አንቀላፋች። ደግነቱ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ነበር። በዚያ ሳምንት ነው እፍረታችንን ትተን ስልክ መደወል የጀመርነው።

መጀመሪያ የሚያደናግረው፣ ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት አገልግሎቶች መኖራቸው ነው። አንደኛው ሆም ኸልዝ ይባላል፤ ሐኪም አዝዞት ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ እየመጣ የሚያክምበት ነው። ቁስል ይታሸጋል፣ እግር ይፍታታል። ሁለተኛው ሆም ኬር ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ደግፎ ማንሳት፣ አብሮ መዋል። የመጀመሪያውን ሜዲኬር ይከፍላል። ሜዲኬር 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚሆን፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት የፌዴራል የጤና መድን ነው። ግን የሚከፍለው ለሕክምናው እንጂ ለመጦሩ አይደለም፤ ገላ የምታጥብ ረዳት ቢልክም ከሕክምናው ጋር አያይዞ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሕክምናው ሲያልቅ እሷም ትቀራለች። እኛም ቤት ሆነ። ፊዚዮቴራፒስቱ ጥቂት ሳምንት ተመላልሶ «ጎበዝ ነች፣ ጨርሰናል» ብሎ ሲሄድ፣ እናቴ ገና ከሽንት ቤት መቀመጫ ብቻዋን መነሳት አትችልም ነበር። ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው።

ሆም ኬርን የሚከፍለው ወይ የራስ ኪስ ነው፣ ወይ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀው ሜዲኬይድ። በኪስ ከሆነ በሰዓት ከ30 ዶላር በላይ መዘጋጀት ነው። በ30 እንኳ ብናሰላው በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን 1,200 ዶላር ይሆናል፤ በዓመት ከ62,000 ያልፋል። ሌት ተቀን ይሁን ካላችሁ ደግሞ ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው፤ ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው። በሜዲኬይድ በኩል የእኛን ሰው የሚይዘው የዓመታት ጉዳይ ነው። በልጅ አመልካችነት ግሪን ካርድ አግኝተው የመጡ ወላጆች በአብዛኛው አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሜዲኬይድ አያገኙም፤ እዚህ አገር ሠርተው የማያውቁ ከሆነም ሜዲኬርን በክፍያ ለመግዛት እንኳ ያንኑ አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ሌላም አምስት ዓመት አለ። ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚያመለክት ሰው ባለፉት 60 ወራት ቤት ወይም ገንዘብ ለልጆቹ አስተላልፎ እንደሆነ ይመረመራል። «ቤቱን ቶሎ በስምህ አዙረው» የሚል ምክር በየቡናው ይሰማል፤ ጠበቃ ሳያማክሩ ባይሰሙት ይሻላል።

ብር ካለ ወይም ሜዲኬይድ ካለ ቀጣዩ ነገር ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልግ የምትገመግም ነርስ ጉብኝት ነው። ላፕቶፗን ይዛ ትመጣለች፣ ሳሎን ትቀመጣለች፣ ትጠይቃለች። ጥያቄዎቹ መሠረታቸው ሲድኒ ካትዝ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 ያወጣው መለኪያ ነው። ክሊቭላንድ ውስጥ ዳሌያቸው የተሰበረ አረጋውያንን ሲከታተል፣ የሰውን ራስን የመቻል አቅም በስድስት ነገር ለካው፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ያስተዋለው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በሽተኞቹ ሲያገግሙ አቅሙ የሚመለስላቸው ሕፃን ልጅ በሚማርበት ዓይነት ቅደም ተከተል ነው። በቶሎ የሚመለሰው መብላት፣ የሚዘገየው መታጠብ። ስናረጅ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መታጠብ ቀድሞ ያቅታል፣ ጉርሻ ግን እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።

እዚህ ጉብኝት ላይ ነው የእኛ ይሉኝታ የሚያስከፍለን። እናቴ እንግዳ ይመጣል ስለተባለች ነጠላዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቀና ብላ ጠበቀች። ነርሷ «ብቻሽን ትታጠቢያለሽ?» ስትል አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«ምን አለችኝ?»

«ገላሽን ራስሽ ነው ወይ የምትታጠቢው?»

«ታዲያ ማን ሊያጥበኝ ነው! ምን ነካት?»

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪያት።»

«በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

እኔ ዝም አልኩ፣ ነርሷም ጻፈች። «ትታጠባለች፣ ትለብሳለች፣ ትንቀሳቀሳለች።» የተፈቀደልን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ቡና ማፍያ የማይበቃ ነበር። ይግባኝ ብለን ሁለተኛ ነርስ እስክትመጣ ወራት ፈጀ። ለሚቀጥለው ሰው ምክሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በልጅ ፊት የማይወራ ነገር ስላለ አስተርጓሚ ከውጭ ይምጣ፤ በአብዛኛው በነፃ ይገኛል፤ ዲሲ ውስጥማ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሁለተኛ፣ ነርሷ ስትመጣ ቤቱን አታሳምሩት። የተከመረውን ዳያፐር፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ የቆመውን ዎከር፣ የሳምንቱን የመድኃኒት ሳጥን እንዳለ ትይ። ስትጠይቅም ስለ ጥሩው ቀን ሳይሆን ስለ መጥፎው ቀን ንገሯት።

ከዚህ በኋላ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይመጣል። የእንክብካቤ ዕቅድ ነው፤ ሠራተኛዋ የምትሠራው እዚያ ላይ ያለውን ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዕቅድ «ዝቅተኛ ጨው፣ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ» ይልና ስለ ጾም አንድ ቃል የለውም። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ኢንሱሊን ወስዶ አለመብላት ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ይጥለዋል። ይህን ከሌላ አገር የመጣች ሠራተኛ በምን ታውቀዋለች? ከሐኪሙም ከንስሐ አባቷም ጋር ተነጋግረን፣ የጾሙ ወራት፣ የሚፈቀደው ምግብና የመብያው ሰዓት ተጽፎ ተለጠፈ።

ሠራተኛዋ ማን ናት? ማዕረጉ ብዙ ነው። ሲኤንኤ የሚባለው ክፍለ ግዛቱ የሚፈትነውና የሚመዘግበው የነርስ ረዳት ነው። የቤት ጤና ረዳት ደግሞ ከሜዲኬር ጋር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ከሆነች በፌዴራል ደንብ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋታል፤ ከዚያ ውስጥ 16ቱ በአሠልጣኝ ፊት በተግባር ነው። ነርስ አይደለችም። መርፌ አትወጋም፣ መጠን አትቀይርም፤ በአብዛኛው ቦታ «መድኃኒትዎ ደርሷል» ብላ ታስታውሳለች እንጂ ከጠርሙስ ቆጥራ አትሰጥም። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ «ሰነፍ ናት» ብሎ ሲያማት ሰምቻለሁ።

ሙያ መሆኑን ያመንኩት እኛ ጋ የቆየችው ልጅ እናቴን ከአልጋ ስታነሳት ባየሁ ቀን ነው። እኔና እህቴ ብብቷ ውስጥ እጃችንን ሰደን ነበር ወደ ላይ የምንጎትታት፤ ትከሻዋን እያሳመምን፣ ወገባችንን እየቆረጥን። ልጅቷ ግን መጀመሪያ ተሽከርካሪ ወንበሩን አስጠግታ ፍሬኑን ያዘች። እናቴን ወደ አልጋው ጠርዝ አስጠጋቻት፣ ተረከዟን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ እግሯን መሬት አስረገጠቻት። ልብሷ ላይ ሰፊ ቀበቶ አስታጠቀቻት። «እማማ፣ አፍንጫዎን ወደ እኔ ያምጡት» አለቻት። እናቴ ወደ ፊት ስታዘነብል፣ ልጅቷ የራሷን ጉልበት አጥፋ ቀበቶውን ይዛ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆመች! ወዲያው አላራመደቻትም፤ የደም ግፊቷ እስኪስተካከል ትንሽ አቆይታ «ያዞርዎታል?» ብላ ጠየቀች። ሁለት ሰው ያቃተውን የ50 ኪሎ ልጅ አደረገችው።

በድርጅት በኩል ወይስ በቀጥታ መቅጠር? ድርጅቱ ካቀረበ ወንጀል አለመኖሩን ያጣራል፣ ግብሩን ይከፍላል፣ አንዷ ከቀረች ሌላ ይልካል። በምላሹ ከምትከፍሉት ትልቁን ድርሻ ይይዛል። እኛ የጀመርንበት ድርጅት በአንድ ወር አምስት ሰው ላከብን፤ እናቴ ስም መያዝ አቅቷት ሁሉንም «አንቺ ልጅ» ትላቸው ነበር። በሰው በሰው ተፈልጎ በቀጥታ ሲቀጠር ይረክሳል፣ ሠራተኛዋም አትለዋወጥም፤ ግን አሠሪው እናንተ ናችሁ። በ2025 ለአንድ ሠራተኛ 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ የከፈለ ቤተሰብ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር መቁረጥና የራሱንም ድርሻ መክፈል ነበረበት። በእጅ በካሽ የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው፤ ሠራተኛዋ አርጅታ የራሷን ጡረታ ስትፈልግ ነው ጉዳቱ የሚታየው። ሦስተኛ መንገድም አለ። ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ለሚገባው ሰው ሜዲኬይድ እየከፈለ፣ ሠራተኛዋን ግን ተጧሪዋ ራሷ የምትመርጥበት አሠራር አለ፤ አዋቂ ልጅም ሊቀጠርበት ይችላል። «እናቴን ጦሬ ደሞዝ?» ብሎ የሚሳቀቅ አለ። ሥራውን ትቶ ቤት የዋለ ልጅ ምን ይብላ ታዲያ?

ስለ ደሞዝ ከተነሳ፣ የሠራተኛዋም ነገር መነሳት አለበት። ይህ ሥራ በአሜሪካ ሕግ ለረጅም ጊዜ እንደ ሥራ አልተቆጠረም። በ1974 የሠራተኛ ሕጉ ሲሻሻል ከአዛውንት ጋር አብሮ የሚውል ሰው ከዝቅተኛ ደሞዝና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ ተደረገ። ኤቭሊን ኮክ የተባሉ ከጃማይካ የመጡ፣ ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ እናት ለትርፍ ሰዓታቸው ተሟግተው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ፤ በ2007 በሙሉ ድምፅ ተፈረደባቸው። በ2009 ሞቱ። የድርጅት ሠራተኞችን ለዚያ ክፍያ ያበቃው ደንብ የወጣው በ2013 ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ልጅቷ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ አልታጠብም አለች። ልጅቷ ደብረ ማርቆስ ያደገች ናት፤ አልተከራከረችም። በሦስተኛው ቀን ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አምጥታ እግሯ ሥር ተንበረከከች። «እማማ፣ እግርዎን ብቻ ልጠብዎ» አለች። እግር መታጠብ እንግዳ የሚከበርበት ነገር ነው፤ እናቴ እንዴት እምቢ ትበል? ቁርጭምጭሚቷን አሸችላት፣ በየጣቶቿ መሃል አደረቀችላት፤ የስኳር ሕመምተኛ እግር እየታየ መታጠብ እንዳለበት ተምራለች፣ ተረከዟ ላይ የነበረችውን ትንሽ ስንጥቅ ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ እስከ ጉልበት ሆነ። በሳምንቱ ሻወር ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋ እየታሸ፣ እናቴ የልጅቷን ዘር እስከ ሰባት ቤት ትቆጥር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። ልጅቷ ስትገባና ስትወጣ ስልኳ ላይ ትጫናለች፤ ሜዲኬይድ በሚከፍልበት ሥራ ሰዓቱና ቦታው በኤሌክትሮኒክ እንዲመዘገብ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። 8 ሰዓት ሲሆን ተጭና ቦርሳዋን ታነሳለች፤ እናቴ ደግሞ ገና ጀበናዋን መጣዷ ነው። «ቡና ሳይጠጣ የሚወጣው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ልጅቷ ይሉኝታ ይዟት ትቀመጣለች፣ አውቶቡሱ ያመልጣታል፣ ለሁለተኛው ቤቷ ትዘገያለች፣ ያቺን ሰዓት የሚከፍላት የለም። ለእናቴ ብንነግራት ተቆጣች። በመጨረሻ ቡናውን አዛወርነው። አሁን ጀበናው የሚጣደው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱም በደሞዝ ሰዓት።