ጥግ የገባ ሰብዉፈር

በቦሳ አዲስም ሆነ በሌላው የጅማ ሰፈር፣ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ማለትም ባሱን የሚያወጣ ስፒከር) ጮክ ተደርጎ ሲከፈት የቡፌው ሲኒዎች ይንቀጫቀጫሉ፣ ኮርኒሱ ይርገበገባል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ማንጠፍ ወደ ወለሉ የሚተላለፈውን ንዝረት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ብዙው በአየር ስለሚመጣ ዋናው ጉዳይ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ከ4 ሜትር ሳሎን ጋር ስለሚቀራረብ ድምፁ በትይዩ ግድግዳዎች መካከል ይጎለብታል፣ ጥጉም ያባብሰዋል። ከጥግ ከወጣ ባሱ ይሞታል የሚሉ አሉ። ኃይሉ መቀነሱ እውነት ነው፤ የሚቀንሰው ግን ጉርምርምታው ነው እንጂ ዜማው አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅም ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን አይውጥም። ስለዚህ ሰብዉፈሩን ከጥጉና ከጎረቤት ከሚያዋስናችሁ ግድግዳ አርቁት፤ ሲመሽም የባሱን ቁልፍ ዝቅ አድርጉ።