ቀበሌ የሌለው ተረጂ

የኢትዮጵያ የእርዳታ ሥርዓት ሥራውን የተማረው ከድርቅ ነው። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ወለደ፤ የ1977ቱ የኮረምን ረሃብተኞች ለዓለም በቴሌቪዥን አሳየ። ሁለቱም በብዙው ሰው ትውስታ የዝናብ እጦት ታሪክ ሆነው ቀርተዋል። የ1977ቱ ግን የጦርነትም ረሃብ ነበር። በትግራይና በወሎ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ለነበረው ገበሬ እህል የሚደርሰው በሱዳን በኩል ዞሮ፣ የጦር አውሮፕላን እንዳያየው በሌሊት በሚጓዝ መኪና ነበር። ከዚያ በኋላ በተገነቡት ተቋማት የድርቁ ትምህርት ገባ፤ የጦርነቱ ግን በር ላይ ቀረ።

የድርቁን ትምህርት ማቃለል አይገባም። ቅድመ ማስጠንቀቂያና የመጠባበቂያ እህል ክምችት ተደራጅተዋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ከዓመት ዓመት ምግብ የሚያጥራቸውን ቤተሰቦች መዝግቦ፣ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኝ፣ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ እንዲረዳ አደረገ። ከ5 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ 8 ሚሊዮን ሰው አካባቢ ደርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ክንድ በጥብጣብ ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነና ሌላ ሕመም ከሌለበት ፕላምፒናት የተባለውን ገንቢ ምግብ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀድሞ እናትየው ሌሎች ልጆቿን ትታ ለሳምንታት ከታማሚው ጋር ጤና ተቋም ውስጥ ትተኛ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሳቢያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ሲፈልግ የ1977 ዓይነት እልቂት ያልተደገመው በአብዛኛው በዚህ ዝግጅት ነው፤ መንገዱ ክፍት መሆኑም ቀላል ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን በቀበሌ ስም ዝርዝር ላይ ነው። በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት የሚባለው ሙሉ ራሽን (ሙሉ ሆኖ ሲገኝ) የሚሰፈረው ስሙ ለተጻፈ ነው። ስሙን የሚያጽፈው የቀበሌ ኮሚቴ ማን ስንት ጥማድ እንዳለው፣ የማን በሬ እንደሞተ ያውቃል። ዘመድ አዝማድንም ያውቃል፤ አድልዎው የሚገባውም በዚሁ ቀዳዳ ነው።

ተንቀሳቃሹን አርብቶ አደር ይህ ወረቀት ድሮም አይመጥነውም ነበር። ከ2013 እስከ 2015 በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ በገፍ አለቀ። ውሃ በቦቴ ተጋዘ፣ ስንዴ መጣ፤ መንጋው የባንክ ደብተሩ ለሆነ ሰው ግን ስንዴ የወር ቀለብ እንጂ መቋቋሚያ አይደለም። ቦረናዎች ከብቱ ላለቀበት ጎሣው አዋጥቶ የሚሰጥበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ የኦሮሚያ ክልልም ስሙን ወስዶ ለራሱ የእርዳታ ተቋም ሰጥቶታል። ችግሩ፣ ሁሉም ባዶ ሲሆን የሚያዋጣ ጎሣ መጥፋቱ ነው።

ጦርነትና መፈናቀል ደግሞ ዝርዝሩን ከሥሩ ይነቅሉታል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ ሰው የሸሸው መታወቂያውንና ቀበሌውን ትቶ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የሰፈረው ይቆጠራል። ዘመድ ቤት የገባው ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። የመጀመሪያውን ምግብ፣ ብርድ ልብስና የእሳት ዳር ቦታ የሰጠው ዘመድ ደግሞ ጭራሽ ተረጂ አይባልም፤ ጎተራው ሲራቆት የሚጠይቀው የለም። በእኔ እይታ ትልቁ የእርዳታ ድርጅት ይህ ያልተመዘገበ ቤተሰብ ነው።

በትግራይ በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። ባንክ ተዘግቶ፣ ነዳጅ ጠፍቶ፣ መቀሌ መጋዘን የገባ እህል እንኳ ወረዳ ሳይደርስ ይቆይ ነበር። በሰኔ 2013 ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች በትግራይ በሥራ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ተስፋው ሲለመልም፣ እህል እየተዘረፈ ገበያ መውጣቱ ታወቀና አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም. በቅድሚያ በትግራይ፣ ከዚያም ሰኔ ላይ በመላ አገሪቱ ማከፋፈል አቆሙ። ስርቆቱ እውነት ነው፤ ቅጣቱን የበላው ግን ያልሰረቀው ረሃብተኛ ነው። እርዳታው ከወራት በኋላ ሲመለስ ምዝገባው ጠበቅ ብሎ፣ ዲጂታል ሆኖ መጣ። የቀበሌ ሹም ለዘመዱ ስም መጨመር ከብዶታል፤ ወረቀት የሌለው ተፈናቃይም ማንነቱን ማስረዳት እንደዚያው ከብዶታል።

በ2017 ዓ.ም. ትልቁ ለጋሽ አሜሪካ እጁን ሲሰበስብና ዩኤስኤይድ ሲዘጋ፣ ምዝገባው በጠበቀው ዝርዝር ውስጥ ላሉትም ራሽኑ ሳሳ። ለጋሾች በ2016 እ.ኤ.አ. ከገንዘባቸው ሩብ ያህሉን ለአገር ውስጥ ድርጅቶች በተቻለ መጠን በቀጥታ ለማድረስ ቃል ገብተው ነበር፤ ወደዚያ አልተጠጉም። ክፍተቱን እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ከውጭ የሚላከው የዘመድ ገንዘብ በከፊል ይሸፍኑታል።

አገሪቱ ለተፈናቃዮች ጥበቃ የሚያደርገውን የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ወደ ቀዬው የሚመለሰው ገበሬ ግን አሁንም በሁለት ወረቀቶች መካከል ይወድቃል። አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር ከተፈናቃይ መዝገብ ይሰረዛል። ቀበሌው ሲደርስ የሴፍቲኔት ምዝገባ በየወሩ የሚከፈት አይደለም። ሰኔ ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ዘርና አንድ ጥማድ በሬ ነው፤ የሚታደለው፣ ከታደለ፣ ስንዴ ነው።