ቅቤ ያልቀመሰ ጨቅላ

ልጅ ተወልዶ እልልታው ሳይበርድ አንዲት አሮጊት ለጋ ቅቤ በጣታቸው ይዘው ወደ ጨቅላው አፍ ይጠጋሉ። «አንጀቱ ይለስልስለት» ብለው ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢ የኖረ ወግ ስለሆነ የሚከለክላቸው የለም። ኤችአይቪ በደሟ ላለ እናት ግን ያቺ ጣት ፈተና ናት። ከጤና ጣቢያ የተነገራት «እስከ ስድስት ወር ከጡትና ከታዘዘለት መድኃኒት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳታቀምሺው» የሚል ነዋ!

ምክንያት አለው። ቅቤ፣ የስኳር ውሃ ወይም የላም ወተት የጨቅላውን ስስ አንጀት ሊያቆስል ይችላል። በቆሰለው አንጀት ላይ ጡት ሲጨመር ቫይረሱ መግቢያ ያገኛል። ጡትን ከሌላ ምግብ ጋር መቀላቀል ጡት ብቻ ከማጥባት የሚከፋው ለዚህ ነው።

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ነው። ምንም ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። እናቲቱ ከማርገዟ በፊት መድኃኒት ጀምራ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ ግን ከ100 አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

እዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነ የኡጋንዳ ጥናት፣ እናት ምጥ ሲይዛት ኔቪራፒን የተባለውን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አንድ ክኒን ብትውጥና ሕፃኑም ከዚያው ጥቂት ሽሮፕ ቢሰጠው ብዙ ልጆች እንደሚተርፉ አሳየ። ትልቅ ነገር ነበር፤ እናቲቱን ራሷን ግን አያክምም። እ.ኤ.አ. በ2011 ማላዊ ሌላ መንገድ ያዘች፦ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የሲዲ4 (የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ቆጠራ) ውጤት ሳትጠብቅ የዕድሜ ልክ ሕክምና ትጀምር አለች። የሕዋሳቱ መቁጠሪያ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው ስላልነበረ፣ ችግር የወለደው ብልሃት ነው ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ መንገድ ተከተለች።

መድኃኒቱ ዛሬ ለአብዛኞቹ በቀን አንድ ክኒን ነው። የሚከብደው ቤት ውስጥ መዋጡ ነው። ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ እንዳይንኳኳ ጥጥ የሚወትፉበት፣ ጽሑፉን ልጠው የሚጥሉ እናቶች አሉ። ባል ወይም አማት እንዳያውቁ የተደበቀ ክኒን ደግሞ እንግዳ በበዛበት ቀን ሳይዋጥ ያድራል።

በጤና ጣቢያዎች ያሉ፣ እነሱም ከቫይረሱ ጋር እየኖሩ ነፃ ልጅ የወለዱ አማካሪ እናቶች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። እነሱ እንደሚመክሩት፣ ቅቤ ይዘው ለሚመጡት አማት የሚሰጠው መልስ «ሐኪም ከልክሏል» የሚል ብቻ ነው፤ እውነትም ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ መስጠት ለማንኛውም ሕፃን የሚመከር ስለሆነ፣ መልሱ ምሥጢር አያወጣም።

ሕፃኑ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የመከላከያ መድኃኒት ሽሮፕ ይወስዳል። እናቱ በ45ኛው ቀን ለክትባት ይዛው ስትመጣ ተረከዙ ይወጋና የደም ጠብታው በካርድ ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የመጀመሪያው ውጤት ነፃ ቢሆንም ጡት እስካልተወ ድረስ ክትትሉ አይቋረጥም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገርም አለ። በመጀመሪያው ክትትሏ ነፃ የተባለች ሴት በእርግዝናዋ ወይም በምታጠባበት ወቅት ልትያዝ ትችላለች። ያን ጊዜ ቫይረሱ በደሟ ስለሚበዛ ለልጁ የባሰ አደጋ ነው። ስለዚህ ባልም አብሮ ይመርመር። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።